ልክ ልኬን የነገረኝ ሱሪ

ሰሞኑን አንድ ሱሪ ልክ ልኬን ነገረኝ። ቀልዴን አይደለም። መሞከሪያ ክፍል ውስጥ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ሌላው እግሬ ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ተወትፎ ቀርቶ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሳለሁ "አንቺ ነሽ 38? ሞተሻል!" ያለኝ ያህል ነው የተሰማኝ። ከሱ አምስት ደቂቃ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ሱሪ ሞክሬ ነበር። እሱም 38 ነው የሚለው። ያለምንም ጣጣ ገባልኝ፤ እንዲያውም ወገቡ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ እኮ ሰው አይወፍርም! ውሃ እንኳን አልጠጣሁም።

ይሄን የማያውቅ የለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ የማያውቅ የለም። ግን ማወቅ ሌላ፣ ዚፑ መሀል መንገድ ላይ ቀጥ ሲል የሚመጣው ስሜት ሌላ። ያኔ "ይሄ ሱሪ ጠቧል" የሚል ሰው የለም። "ወፍሬያለሁ" ነው የሚባለው። ጫማ ሲጠበን እግራችንን እንሰድባለን እንዴ? "ጠበበኝ፣ አንድ ቁጥር ጨምሪልኝ" ብለን ሻጯን እንልካታለን፣ አለቀ። ሱሪ ላይ ስንደርስ ግን "ከፍ ያለ አምጪልኝ" ለማለት ድምፃችን ይሰልላል። እኔማ መጋረጃውን በትንሹ ገለጥ አድርጌ፣ የሚሰማ ሰው መኖር አለመኖሩን አይቼ ነው የምጠይቀው። ዕቃ የሰረቅኩ ነው የምመስለው።

ብቻ ያን ቀን ሁለቱንም ሳልገዛ ወጣሁ። ቤት ገብቼም ንዴቴ አልበርድ አለኝ። ሜትር ፈለግኩ፣ ያቺን ልብስ ሰፊዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏትን። ቁምሳጥኔን ከፍቼ 38 የሚል የተጻፈባቸውን ሱሪዎች በሙሉ አወጣሁ። አራት ሆኑ። አልጋ ላይ ዘርግቼ፣ ቁልፋቸውን ቆልፌ፣ የወገባቸውን የፊትና የኋላ ጠርዝ አጋጥሜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየለካሁ በሁለት አባዛሁ። አንደኛው 76 ሴንቲ ሜትር። ሁለተኛው 80። ሦስተኛው 83። አራተኛው 73።

አራተኛው ላይ ሦስቴ ነው የደጋገምኩት። ምክንያቱም እሱ ተራ ሱሪ አይደለም። ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጂንስ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሳልሞክረው፣ ቁጥሩን ብቻ አምኜ የገዛሁት። አንድም ቀን ለብሼው ከቤት አልወጣሁም። "ስከሳ የምለብሰው" ብዬ ሰቀልኩት። በየሁለት በየሦስት ወሩ ጠዋት፣ በባዶ ሆዴ፣ እሱን አውርጄ እሞክራለሁ። ካልገባልኝ የዚያን ቀን ስሜቴ ምን እንደሚሆን መገመት ትችላላችሁ። በሱ ምክንያት እራት ትቼ ተኝቻለሁ። በሱ ምክንያት ሊፍት እያለ ስንት ፎቅ በእግሬ ወጥቻለሁ (እሱ እንኳን ባይጎዳም)። አንድ ጊዜ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ትንፋሼን ይዤ ቁልፉን አስገባሁት። ድል! ከዚያ መነሳት አቃተኝ። እንደ ተገለበጠች ኤሊ ስንፈራገጥ ቆይቼ መልሼ ከፈትኩት።

እና ይሄ ዳኛ አድርጌ የሰቀልኩት ጉድ ከሦስተኛው ሱሪዬ ጋር እኩል ቁጥር ተጽፎበት በ10 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሰውነቴ ጋር የተጣላሁት ለካስ የሆነ ፋብሪካ በሠራው ስህተት ነው።

ይሄን እያሰላሰልኩ ሳለ ታናሽ እህቴ ገባች። "ምን እየሠራሽ ነው?" አለች። "ምርመራ" አልኳት። አራተኛውን ሱሪ አንስታ ለራሷ ሞከረችው። ልክክ አለላት! ለሷ ተለክቶ የተሰፋ ነው የሚመስለው፤ ዳሌው፣ ጭኑ፣ ርዝመቱ። መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች፣ ፈገግ አለች። ከዚያ የወገቡን ጠርዝ ገልብጣ ቁጥሩን አየች። ፊቷ ሲጠቁር በዓይኔ በብረቱ አየሁ። "38? እኔ እኮ 36 ነኝ! ወፍሬያለሁ ማለት ነው?" አለች። አንድ ሱሪ፣ አንድ ቁጥር። እኔን ስላልገባልኝ አሳዘነኝ፣ እሷን ስለገባላት አሳዘናት። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደሚሆን ሳነብ ሰነበትኩ። ብዙ ፋብሪካ ልብስ ሲነድፍ መነሻ የሚያደርጋት አንዲት ሴት አለች። ሞዴል ነች፣ ግን የፋሽን መድረክ ላይ የምትሄደው ዓይነት አይደለችም፤ ሥራዋ ቀጥ ብሎ ቆሞ ልብስ መሞከር ነው። ልብሱ በሷ ልክ ይስተካከላል። ከዚያ በየቁጥሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እየጨመሩ፣ ወደ ታች እየቀነሱ ሌላውን ሁሉ ይሠሩታል። እኛ ሁላችን የዚያች ሴትዮ ትልቅ ወይም ትንሽ ግልባጭ ነን ተብሎ ታስቧል ማለት ነው። ሰው ግን ፊኛ አይደለም፣ በየአቅጣጫው እኩል አይነፋም። አንዷ ዳሌ ላይ ትጨምራለች፣ አንዷ ሆዷ ላይ፣ አንዷ ክንዷ ላይ። ሌላው ድርጅት ደግሞ የራሱ ሴትዮ አለችው። እኔ አሁን ያቺን ሴት ነው የምቀናባት፤ ቢያንስ የአንድ ድርጅት ሱሪ ሁሌ ልኳ ነው።

የአንድ ድርጅት፣ አንድ ዲዛይን፣ አንድ ቁጥር ሆኖ ጥቁሩ ገብቶ ሰማያዊው እምቢ የሚለውስ? ጨርቁ አንድ በአንድ አይደለም የሚቆረጠው። ድርብርብ አድርገው ያነጥፉትና በኤሌክትሪክ ቢላዋ ባንዴ ይቆርጡታል። ቢላዋው ትንሽ ካዘነበለ የላይኛውና የታችኛው እኩል አይሆኑም። የሚለጠጥ ጨርቅ ተወጥሮ ከተነጠፈ፣ ከተቆረጠ በኋላ ይሰበሰባል። ጂንስ ደግሞ ከተሰፋ በኋላ ይታጠባል፤ እንደ ቀለሙና እንደ አጠባው አንዱ የበለጠ ይኮማተራል። ለዚህ ሁሉ ፋብሪካው የሚታገሰው ልዩነት አለው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢበልጥም ቢያንስም አይጣልም። ይሄንን እረዳለሁ፤ ሥራ ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ፋብሪካው ለራሱ የሚፈቅደውን አንድ ሴንቲ ሜትር እኔ ለወገቤ አለመፍቀዴ ነው።

ደግሞ "ድሮ ድሮ ቁጥሩ ትክክል ነበር" ለምትሉ። መቼ? የተዘጋጀ ልብስ በቁጥር በብዛት መሠራት ከጀመረባቸው አጋጣሚዎች አንዱ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው፣ ለወታደር ዩኒፎርም። የወንዱን ደረት ለክተው የቀረውን ይገምቱ ነበር። ወደ ሴቶች ሲመጡም ደረት ለክተው ሌላውን በግምት። መቼም ይሄን የፈጠረው ሰው ሴት አይቶ አያውቅም። በኋላ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1940 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን አስለካ፤ እያንዳንዷን 59 ቦታ! ጥሩ፣ አልን። ግን ውጤቱ ሲሠራ የነጭ ሴቶች ልኬት ብቻ ተወሰደ፤ የሌሎቹ ተጣለ። በዚህ ላይ የተመሠረተ መደበኛ የቁጥር ደረጃ በ1958 ወጣ፣ ትንሽ ተሻሻለ፣ በ1983 ደግሞ ጭራሽ ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደፈቀደው።

እንደፈቀደው ሲባል ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የፈቀዱት። በአንድ የታወቀ የአሜሪካ ካታሎግ እ.ኤ.አ. በ1937 ደረቷ 32 ኢንች የሆነ ሴት፣ ማለትም 81 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀሚሷ 14 ቁጥር ነበር። በ1967 ያው ደረት 8 ሆነ። በ2011 ዜሮ! ዜሮ ማለት ምንም ማለት አይደል እንዴ? ሴትየዋ ቆማ እየታየች "የለሽም" ማለት። አሁን ድርብ ዜሮም አለ፤ ቀጥሎ እንደ ብርድ ከዜሮ በታች ሊገቡ ነው። ነጋዴው ያደረገው ግልጽ ነው፦ ልብሱን አስፍቶ ቁጥሩን ማሳነስ፣ ገዢዋን ደስ ማሰኘት።

ወንዶች፣ እናንተም አትሳቁ። የእናንተ ሱሪ ላይ የሚጻፈው እኮ ኢንች ነው፣ በሜትር የሚለካ ነገር፣ መዋሸት የማይቻልበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ኤስኳየር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት 36 ኢንች የሚሉ ሱሪዎችን ሲያስለካ እስከ 41 የደረሰ ተገኘ። "ከኮሌጅ ጀምሮ ልኬ አልተቀየረም" የሚለው ወንድሜ ይህንን እንዲያነብ ልኬለታለሁ። አይቶት ዝም ብሏል።

ኦንላይን የሚገዛማ አሳሩን ነው የሚያየው። አንድ ቀሚስ ላይ ጣሊያን 42፣ ፈረንሳይ 38፣ ጀርመን 36፣ እንግሊዝ 10፣ አሜሪካ 6 የሚል ተደርድሮ ታያላችሁ። አምስቱም አንድ ናቸው። ፓስፖርት ሳላወጣ ከ42 ወደ 6 መክሳት እችላለሁ ማለት ነው። ሚዲየም አዝዤ ትከሻው እጄ ላይ የወደቀ ድንኳን መጥቶልኛል፤ ላርጅ አዝዤ በአንገቴ አላልፍ ያለ መጥቶልኛል። ከስሩ አስተያየቱን ስታነቡ አንዷ "አንድ ቁጥር ቀንሳችሁ እዘዙ" ትላለች፣ ቀጥሎ ያለችው "አንድ ቁጥር ጨምራችሁ እዘዙ"። ስለ ውሸት ኪስ አሁን አላወራም፤ እሱ ራሱን የቻለ ብሶት ነው።

እዚህ ላይ ራሴንም ልናዘዝ። ጨዋታው እኔም ላይ ይሠራል። አንድ የማልወደው ኮት አለኝ። ቀለሙ አይሄድልኝም፣ ስራመድ ይኮሰኩሰኛል። ስሞል ስለሚል ብቻ ነው የገዛሁት። ሻጯ "ስሞሉ ሰፋሽ እኮ!" ስትለኝ ዋጋውን እንኳን ሳልከራከር ነው የከፈልኩት። ደግሞ ታጉን እቤት ስገባ አልቆረጥኩትም። ለማን ላሳይ እንደሆነ እንጃ፤ ኮት ገልብጦ የሚያነብ ሰው የለም። "ቁጥሩን እርሺው፣ ቁረጪና ጣይው" የምትሉኝ ጓደኞቼ ምክራችሁ መልካም ነው፣ ግን ከጨርቁ ላይ መቁረጥ ቀላል ነው። እኔ 38 መሆኔን ከ17 ዓመቴ ጀምሮ እንደ ስሜ ነው የማውቀው። ማነሽ ብባል እሱን ሁሉ ሳልጨምር አልቀርም።

የሚገርመኝ ደግሞ መፍትሔው መኖሩ ነው። የአውሮፓ የልብስ መደበኛ ደረጃ የሰውነትን ልክ በሴንቲ ሜትር ጻፉ ይላል፤ ግን ግዴታ ስላልሆነ የፈለገ ይጽፋል፣ ያልፈለገ ይተዋል። የልጆች ልብስ ላይ ግን እዚያው አውሮፓ ተለምዷል። የልጁ ቁመት ነው የሚጻፈው፦ 104፣ 110፣ 116። አንድ ልጅ ከ104 ወደ 110 ሲያልፍ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? "አደግኩ!" ብሎ ይፈነድቃል። ቁጥር ሲጨምር የሚደሰት ሰው ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ያ ልጅ መቼ ነው ተሳስቶ እንደኛ የሚሆነው?

ያን አራተኛውን ሱሪ ለእህቴ ሰጠኋት። መጀመሪያ አልወስድም አለች፣ በቁጥሩ ምክንያት። ታጉን ቆርጬ ሰጠኋት፤ አሁን በሳምንት አራት ቀን እሱን ነው የምትለብሰው።

እኔ ደግሞ ሜትሯን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ መዞር ጀምሬያለሁ። ትናንት አንድ ሱቅ ገብቼ የተሰቀሉትን ሱሪዎች ወገብ እያወረድኩ ስለካ ሻጯ በጥርጣሬ ዓይን ስታየኝ ቆየች። በመጨረሻ መጣች።

"እህቴ፣ ልርዳሽ? ቁጥርሽ ስንት ነው?"

"79" አልኳት።

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "79 ቁጥር እኮ የለም" አለች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ 38 አመጣችልኝ።

አልገባልኝም።