ሳምባ በደብረ ብርሃን

መስከረም 12፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት። ባናዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ተኝቻለሁ። ድንገት ከመስኮቱ ሥር ከበሮ ተለቀቀ። እሳት የተነሳ መስሎኝ በአንድ እግር ካልሲ ወጣሁ። የእህቴ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስፒከር ተሸክሞ መጥቷል። ቁመቷ የውሃ ኮዳ፣ ድምጿ የወፍጮ ቤት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ሳምባ ነው ጋሼ። የብራዚል። ሙድ ያስተካክላል።»

እኛ ከ2,800 ሜትር በላይ የምንኖር ሰዎች ስለ ሳምባ የምናውቀው የሳምባ ምችን ነው። እዚህ «ሳምባ» ሲባል እጅ በቀጥታ ወደ ደረት ይሄዳል። ደግሞም የሳምባው ትልቁ ድግስ፣ ካርኒቫሉ፣ የሚውለው የካቲት ገደማ ነው። ያኔ ብራዚል በሙቀት ይቀልጣል። ራቁቱን ለመሆን ትንሽ የቀረው ሰው የሚጨፍርበትን ምት ሁለት ሹራብ ለደረበ ሰው ከፍቶ «ተነቃቃ» ማለት ግፍ ነው።

ስልኩን አሳየኝ። ወቅት ሲቀየር ስልኩ ራሱ ከዓለም ዙሪያ መንፈስ የሚያነሳ ዘፈን ይመርጥለታል። ከላይ ቢጫ ቅጠል ሲረግፍ የሚያሳይ ሥዕል አለበት። ወደ ውጭ አየሁ። ባሕር ዛፋችን አንድም ቅጠል አልጣለም። ሜዳው አደይ ለብሷል።

«እሱ የእነሱ ነው» አለኝ። «ለእኛማ ጸደይ ነው።»

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። በመስከረም «ጸደይ» የሚለኝን ሰው አልወድም፣ የሥጋ ዘመዴም ቢሆን። በአባቶች አቆጣጠር ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። ከመስከረም 26 የሚገባው መጸው ይባላል። እስከ መስከረም 25 ደግሞ ክረምት ነው፣ ክረምት! አበባ ባየን ቁጥር የፈረንጅን ወቅት እየጠራን ስም ያለውን ወቅታችንን ስም አልባ አደረግነው። እና ያን ቀን የተቀየረ ወቅት አልነበረም። ገና 13 ቀን ይቀረዋል።

«እሺ ጋሼ» አለ። «እሺ ጋሼ» ማለት አልሰማሁዎትም ማለት ነው።

ስለ መስከረም ካነሳን አይቀር፣ የምወዳት ግጥም አለች፤ «መስከረም ሲጠባ አደይ ሲፈነዳ፣ እንኳን ሰው ዘመዱን ይጠይቃል ባዳ።» ልብ በሉ፣ ባዳው ይጠይቃል ነው የሚለው። ይዋሳል አይልም። ጎረቤቴ ግን በ1986 መስከረም «እንኳን አደረሰህ» ሊለኝ መጥቶ ቴፔን ተውሶ ሄደ። ለሰርግ ነው አለ። ሰርጉ በጥር ነበር! ቴፑ የተመለሰው በሰኔ ነው፣ ያውም አንቴናው ተገንጥሎ።

ከአንቴናው ጋር ሱዳንም ሄደች። ማታ ማታ ቁልፉን በስሱ እያዞርኩ፣ በፉጨትና በጩኸት መሃል የሱዳኑን ሬዲዮ ኦምዱርማንን እፈልግ ነበር። ዘፋኛቸው መሐመድ ዋርዲ ሲመጣ ትንፋሼን እውጣለሁ። ዐረብኛ አንድ ቃል አላውቅም። ግን የእነሱም ዜማ እንደ ትዝታና እንደ ባቲ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄደው፤ ጆሮዬ እንደ አጎቱ ልጅ ተቀበለው። ማንም አልመረጠልኝም። ሌሊት ተቀምጬ፣ ባትሪ ድንጋይ ጨርሼ ያገኘሁት ነው። ያ ሰውዬ እስከ ዛሬ ስለ አንቴናው ትንፍሽ አላለም። ሰላምታው ግን አይጣል ነው፣ እስከ ላሜ ጤና ይጠይቀኛል።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ ስፒከሯ።

እናቴ ቡና እየቆላች ሳለ ዘፈኑ ተቀየረ። የኬፕ ቨርዴዋ ሴዛሪያ ኤቮራ ናት። እናቴ ቀና አለች።

«ይቺስ ምን ሆና ነው?»

ልጁ በባዶ እግሯ መድረክ ላይ ትወጣ እንደነበር ነገራት።

«ወይኔ ልጄን! በዚህ ብርድ?»

መቁያው በእጇ ላይ ቀረ። ቡናው ጠቆረ፣ ጨሰ፣ አረረ። ልጁ ወደ ሚያስጨፍረው ሊያሳልፍ ሲል «ተዋት፣ ሆድ ብሷታል፣ ትጨርስ» አለችው። መንፈስ ያነሳል ከተባለው ሁሉ እናቴን የያዛት ይሄ ሆነ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ካልሲዬን ፍለጋ አልሄድኩም።

በዚህ መሃል ከአጥሩ በላይ አንድ ራስ ብቅ አለ። ጎረቤቴ።

«እንኳን አደረሳችሁ! ላሟ ደህና ናት? ስማኝማ፣ ይቺ ነገር ቻርጇ ስንት ሰዓት ይቆያል? ለጥር አንዲት ሰርግ ቢጤ አለችኝና...»

«ጨምረው!» አልኩት ልጁን።

«የቱን ጋሼ?»

«ሳምባውን!»