ታሪፉ በበዓል ሰሞን የት ይገባል?

ዛሬስ ዝም ብዬ አላልፍም። በመስቀል ሰሞን ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ ልንሄድ መናኸሪያ ገባን። ረዳቱ የታሪፉን እጥፍ ጠራብን። "ለምን?" አልነው። "ዓመት በዓል አይደል እንዴ!" አለን። ሌላ ማብራሪያ የለም። እኛ ስንከራከር ከኋላ ያሉት "ኧረ ግቡ በቃ፣ አታቁሙን" ማለት ጀመሩ። ያለ አግባብ የሚያስከፍለን ሰውዬ ፊታችን ቆሞ፣ ሰዉ የተቆጣው እኛን ነው። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ጉዞው የታሰበበት አልነበረም። ዓርብ ማታ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ተቀምጠን ማኪያቶ ስንጠጣ አንዱ ጓደኛችን "ነገ ለምን ሐይቅ ሄደን ዓሣ አንበላም?" አለ። ሁላችንም "እንሂድ!" አልን። በቃ። ሐይቅ እኮ ሩቅ አይደለም፤ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ክረምቱን ሙሉ በጭጋግና በጭቃ ታፍኖ የከረመ የደሴ ልጅ፣ በመስከረም ቦሩ ሜዳን አልፎ ወደ ሱሉላ ሲወርድ ምን እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። ሜዳው አረንጓዴ ነው። መንገዱ ዳር አደይ አበባ ነው። በዓልን በዓል የሚያደርገው ለእኔ እንዲህ ያለው ድንገተኛ መውጣት ነው። ብዙ ገንዘብ የለንም። የምንችለው ደስታ ይሄ ነው።

የመኪና እጥረት መኖሩን አልክድም። መስቀል አልፎ መስከረም 21 የግሸን ማርያም ንግሥ ይመጣል። ያኔ ከየአገሩ የሚመጣው ምዕመን ደሴን ያጥለቀልቃታል። ገሚሱ ሚኒባስ ታፔላውን አውርዶ በኮንትራት ይሄዳል። ገባኝ። ግን እኮ ይሄ ድንገት የወረደ ነገር አይደለም። ግሸን በየዓመቱ በዚያው ቀን ነው። መስቀልም በዚያው ቀን ነው። ቀኑ ከታወቀ ተጨማሪ መኪና መመደብ ለምን ያቅታል?

ሹፌሮቹም የራሳቸው ብሶት አላቸው፣ ሰምቻቸዋለሁ። ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፈው ያድራሉ። ሰልፉን ያልቻለ በጀሪካን ከውጭ በውድ ይገዛል። ሰው አድርሰው ሲመለሱ ደግሞ ባዷቸውን የሚመጡበት ጊዜ አለ። እውነት ነው። እንግዲያው ጭማሪው በይፋ ይወሰን፣ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ እኛም አውቀነው እንክፈል። ረዳት የሰው ፊት አይቶ የሚጠራው ዋጋ ግን ታሪፍ አይደለም። ጫማው ያማረ ሰው ሲመጣ ይጨምራል። ከአዲስ አበባ ለበዓል የመጣ እንግዳ መሆኑን በአነጋገሩ ካወቀ ደግሞ ሌላ ይጨምራል።

የትርፉ ጭነት ብሶ አረፈው። መናኸሪያው በር ላይ ሰው ይቆጠራል። ልክ ነን። መውጫ ወረቀቱ ተሰጥቶት ወጣን። ከበሩ ትንሽ ራቅ እንዳልን መኪናው ቆመ። "ጠጋ ጠጋ በሉ!" ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሰው ገባ። መተላለፊያው ላይ ጀሪካን ተገልብጦ ሰው ተቀመጠበት። ከሞተሩ በላይም ሰው አለ። ጢጣ አካባቢ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ታየ። ረዳቱ "ጎንበስ በሉ! ጎንበስ!" አለ። የልጆች አባት የሚሆን ትልቅ ሰው የከፈለበት መኪና ውስጥ እንደ ሌባ አንገቱን ቀብሮ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ አየሁ። ትራፊኩ ውስጡን አላየም። ወረቀቱን አየና አሳለፈን። ከቦሩ በኋላ ያለው ቁልቁለት ጠመዝማዛ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ ፍሬን ቢያቃጥል ማን ነው የሚጠየቀው?

ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሐይቅ ያለች ልጃቸው ወልዳ አራስ ጥየቃ እየሄዱ ነው። እግራቸው ሥር ዘንቢል አለ፤ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ ይዘዋል። ሒሳብ ሲሰበሰብ መቀነታቸውን ፈትተው የቋጠሩትን ብር ሰጡት። "የወትሮውን ነው የያዝኩት ልጄ" አሉት። ረዳቱ ብሩን አልተቀበለም። "እማማ፣ ካልሞላልዎት ይውረዱ" አላቸው። ለመሄድ በተዘጋጀ መኪና ሳይሆን መሀል መንገድ ላይ ነው ይሄን የሚላቸው! ጓደኛዬ የጎደለውን ሞላ። "አላህ ይጨምርልህ" ብለው መረቁት፤ ግን ፊታቸው አፍሮ ነበር። እኛ ዋጋው ቢወደድብን ቀርተን ፒያሳ ማኪያቷችንን እንጠጣለን። እሳቸው የት ይቀራሉ? አራስ ልጃቸውን ትተው? በበዓል ሰሞን የሚጨመረው ብር የሚያርፈው መቅረት በማይችል ሰው ላይ ነው።

ሐይቁ ያው እንደምታውቁት ነው። ያምራል። ቆሮሶ ጥብስ በላን፣ ዓሣ ዱለት ጨመርን፣ ውሃው ዳር ተቀምጠን ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ስሙ ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጋር የሚነሳውን የእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ እያየን ብዙ ሳቅን። ለሁለት ሰዓት ያህል መናኸሪያውን ረስቼው ነበር።

መመለሻው ግን ጠበቀን። ከወልድያና ከመርሳ የሚመጣው መኪና ሁሉ ሞልቶ ነው የሚያልፈው። መሸ። ሚኒባስ በኮንትራት ያዝን፤ ዋጋውን ለመናገር እንኳን አፍራለሁ። ኮንትራት ከፍለን ሱሉላ ላይ ቆመና ሌላ ሰው ጫነ። "ለብቻችን አልተስማማንም?" ስለው "ምን አለበት፣ ሰውም እኮ መሽቶበታል" አለኝ። ሰው መጫኑን አልጠላሁም፤ መሽቶበት የቆመ ሰው ይሳፈር። ግን ከእነሱም ተቀበለ፣ ከእኛም ሙሉውን ወሰደ። እኔ ስከራከር አንዱ ጓደኛዬ "ተወው በናትህ፣ በዓሉን አታበላሽብን" አለኝ። ሌላው "እሱ ልክ ነው" አለ። እርስ በርሳችን ተነካከስን። ቦሩ ላይ ጭጋጉ ሲቀበለን መኪናው ውስጥ የሚያወራ አልነበረም።

"ተወው" የሚለው ነገር ነው እዚህ ያደረሰን። ወሎዬ ሰው ማስቀየም አይወድም፣ አውቃለሁ፤ እኔም ወሎዬ ነኝ። ግን ታሪፍ መጠየቅ ጠብ አይደለም። የመኪናው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ "በታሪፉ ነው የምንከፍለው" ቢል ረዳቱ ሁላችንንም አያወርደንም።

የሚመለከታችሁ የመንገድ ትራንስፖርት ሰዎች ይህን ካነበባችሁ፣ ታኅሣሥ 29 ገና ነው። የላሊበላ ተጓዥ በደሴ በኩል ያልፋል፣ መናኸሪያው እንደገና ይጨናነቃል። ከአሁኑ መኪና መድቡ። የበዓል ጭማሪ ካለ በትልቁ ጻፉና ለጥፉልን። ተቆጣጣሪ ስታቆሙ ደግሞ ከበሩ ውጭ፣ ትርፉ የሚጫንበት ቦታ ላይ አቁሙ። ትራፊኮችም እባካችሁ ወረቀቱን ብቻ አትዩ። በሩን ከፍታችሁ ወለሉን እዩልን።