ፍርሃቱ ከጩኸቱ አይደለም

አንድ ጸሐፊ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ የሚፈጸም ልቦለድ የሚያስፈራው በጨለማው ኮሪደርና በሕሙማኑ ጩኸት ነው ማለታቸው አላሳመነኝም። ታማሚን አውሬ አድርጎ መሳል ስንፍና ነው። እውነተኛው ፍርሃት የሚጀምረው ጤነኛ ነኝ የሚል ተራኪ የሚናገረው ሁሉ እንደ ሕመሙ ምልክት ሲመዘገብበት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ዴቪድ ሮዘንሃን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመውና ተአማኒነቱ ኋላ ላይ ባጠያየቀው ጥናቱ፣ ድምፅ ይሰማናል ብለው ሆስፒታል የገቡ ጤነኞች ማስታወሻ መጻፋቸው ራሱ እንደ ሕመም ጠባይ እንደተቆጠረባቸው ገልጿል፤ ከዚህ የባሰ የሚያስበረግግ ምን አለ?

እኛ ጎጃሞች ለእንዲህ ያለው አተራረክ እንግዶች አይደለንም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ጆሯችንን ሰሙን እየሰማ ወርቁን እንዲፈልግ አስለምደውታልና፣ ሐኪሙ ሰሙን ብቻ የሚያነብበት፣ ታማሚው ወርቁን የሚደብቅበት ልቦለድ በአማርኛ ቢጻፍ እዚህ ደብረ ማርቆስ አንባቢ አያጣም። ለምሳሌ ግሽ ዓባይ ጠበል ከርሞ ወደ ሆስፒታል የተወሰደ ወጣት ቢሆንስ? ለወጣቱ የሚሰማውን ድምፅ ቤተሰቡ ዛር ይለዋል፤ ሐኪሙ ሕመም ይለዋል፤ እሱ ግን ድምፁን ያውቀዋል፣ የማን እንደሆነ ለመናገር ነው የሚፈራው።