አራስ ልጅ ባዶ ካሴት አይደለም

«አራስ ልጅ ባዶ ካሴት ነው፤ ቀድሞ የተቀዳበት ቋንቋ ይቀራል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ!»

ይህን ያሉት ስታዲየም አካባቢ ያለ የአንድ ሕፃናት ማቆያ ኃላፊ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት ወላጆችን ሰብስበው። ወዲያው የምንፈርምበት ወረቀት ታደለ። ከፊቴ የተቀመጡት እናት እስክሪብቶ ፍለጋ ቦርሳቸውን ሲበረብሩ እኔ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ስለ ክፍያው ብናገር ሳይሻል አይቀርም ነበር፤ ግን ካሴቱ አናደደኝ።

ባዶ? ልጁ እኮ ከመወለዱ በፊት ሦስት ወር ያህል ሲሰማ ነው የከረመው፤ ከሁሉ አብልጦ ደግሞ እናቱን። ቃሉ ጥርት ብሎ አይደርሰውም፤ ቀጫጭኑን ድምፅ ሥጋና ውሃው ያስቀሩታል። ዜማው፣ ምቱ፣ የድምፁ መውጣትና መውረድ ግን ያልፋል። የቀበሌ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ አይፈልግም። ካዛንቺስ ሳይፈርስ ከጎረቤቶቻችን ጋር የምንካፈለው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከወዲያ የሚባለውን ቃል በቃል አንለይም፤ ነገር ግን እትዬ እየተቆጡ ይሁን እየጸለዩ፣ ባልየው አምሽቶ ይሁን እንግዳ መጥቶ፣ ከዜማው እናውቀዋለን። እንግዳው በሌላ ቋንቋ ከተናገረማ ወዲያው ነው የምንነቃው። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅም እንዲሁ የግድግዳ ጎረቤት ነው።

ማስረጃ ካሻችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የ60 አራሶችን ልቅሶ ቀድቶ መርምሯል፤ ግማሾቹ ፈረንሳዮች፣ ግማሾቹ ጀርመኖች። የፈረንሳዮቹ ልቅሶ ወደ ላይ የሚወጣ፣ የጀርመኖቹ ከላይ የሚወርድ ሆኖ ተገኘ፤ ልክ እንደ እናቶቻቸው አነጋገር። ገና ቀናቸው ነው፤ የሚያለቅሱት ግን በአገራቸው ዜማ ነው! በ2023 ደግሞ የጣሊያኑ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እናቶቻቸው ፈረንሳይኛ የሚናገሩ 33 አራሶችን ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሮድ አድርገው ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽና እንግሊዝኛ አሰሟቸው። ፈረንሳይኛው አንጎላቸው ላይ ትቶት የሄደው ለውጥ፣ ንግግሩ ካበቃ በኋላ እንኳ፣ ከሌሎቹ የጎላ ነበር። ካሴቱ ተቀድቶ ነው የመጣው፣ እመቤቴ።

አንድ አባት ተነሥተው «ጆሮው በአንድ ዓመቱ ይዘጋል ይባላል፤ ቶሎ ካልጀመርን ያመልጠናል» አሉ። መዘጋት የሚለው ቃል ቢጋነንም፣ የባዕድ ድምፆችን የመለየት ችሎታ በዚያ ዕድሜ መዳከሙ እውነት ነው። ታዲያ ይኼ ለማን ይመሰክራል? ተ እና ጠን፣ ከ እና ቀን የሚለይ ጆሮ የሚሠራውም በዚያው ዓመት ነው። በዚያ ላይ የማቆያው እንግሊዝኛ ማለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ነው! እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ማንዳሪን ቻይንኛ አሰምቷል። ፊት ለፊታቸው ሰው ያጫወታቸው የቋንቋውን ድምፅ መለየት ቻሉ፤ ያንኑ በስክሪን ያዩት ምንም አልያዙም።

እንግሊዝኛ ይጨመር ቢሉ ዝም እል ነበር። ሁለት ቋንቋ ልጅ አያደናግርም፤ ከአማርኛና ከኦሮምኛ ቤት የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ናት ነገሩን ያበላሸችው። እናቱ ቃል እየፈለገች፣ ሰዋስው እየፈራች በተውሶ ቋንቋ እሹሩሩ ስትለው ልጁ ያቺ የሚያውቃት ሴትዮ ወዴት ሄደች ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል። ይህን ያጠናልኝ የለም። አምነዋለሁ።

ወረቀቱ እንደታጠፈ ኪሴ ውስጥ ነው። ባለቤቴ «ሌላ ማቆያ ከየት ልታመጣ ነው? ፈቃዴ እኮ ሊያልቅ ነው!» እያለች ትቆጣኛለች፤ በአማርኛ። ሁለት ወር ያልሞላው ልጃችን ጡቱን ለቆ ያዳምጣታል።