ምስጋና ለእጅ ማፍታቻ

ሰውን ማመን እንዴት ያለ ጸጋ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ ወደ ጎንደር ይምጣና በአዘዞ መንገድ ዳር ካሉት የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ላይ ይቁም። ገና ረፋድ ነው። ዋናው ባለሙያ አንድ መለኪያ ዳግም አረቄ «ለእጅ ማፍታቻ» ጭልጥ ያደርግና በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ የሚሽከረከረውን የብረት መቁረጫ ግራይንደር ያነሣል። የዲስኩ መከላከያ ሽፋን የት ሄደ? ተፈትቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፤ ለቆሎ ማስቀመጫ እንዲህ የተመቸ ዕቃ አልተገኘም።

ፈረንጅ ግን ሰው አያምንም። ማሽኑ ላይ የትንፋሽ መቆለፊያ ይገጥምና ሠራተኛውን «ተንፍስ» ይለዋል። በትንፋሹ ውስጥ ያለው አልኮል ፕላቲነም ሲነካ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ መሣሪያው ይህን ለክቶ ልኩ ካለፈ ሞተሩን አላስነሣም ይላል። ግፉን እዩት እንግዲህ! መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ የሚፈታው የእኛ ባለሙያ በትንፋሹ ሰፈሩን ሁሉ ሊያበራ ሲችል፣ እነርሱ ይህን ሀብት ለክልከላ አዋሉት። አሜሪካኖቹማ ብሰው፣ ጥርሱ ቆዳ ሲነካ በ5 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚቆም መጋዝ ሠርተዋል። ለአንዲት ጣት ይህን ያህል መሰሰት!

እኔ ከሁሉ የማደንቀው የሥራ ቤት ባለቤቶቹን ቸርነት ነው። የሚያስቸኩል ሥራ ሲመጣ ጠርሙሱን የሚያስገዙት ራሳቸው ናቸው። ይከስራሉ ብላችሁ አትዘኑላቸው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ ሰውነቱንና አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ ላይ የተገኘ ሠራተኛ ቢጎዳ፣ ሆን ብሎ ራሱን እንደጎዳ ይቆጠርና አሠሪው ተጠያቂ አይሆንም። በአንድ ጠርሙስ ዋጋ እንዲህ ያለ ዋስትና የሚሸጥ የትኛው ኢንሹራንስ ነው? ጣቱ የሄደበትም ቢሆን ጨዋ ሰው ነው፤ አሠሪውን አይከስም፣ አረቄውንም አይወቅስም። ዓይን በልቶት ነው።

መቆለፊያው ቢመጣስ? ለእርሱም መላ አናጣም፤ የሥራ ቤቱ ለማጅ ጎረምሳ በባለሙያው ፈንታ ይተነፍስለታል። አምራቾቹ ይህን ጠርጥረው መሣሪያው በሥራ መካከል በድንገት ዳግመኛ ትንፋሽ እንዲጠይቅ አድርገውታል። ታዲያ ጎረምሳው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ይቁማ! በየሥራ ቤቱ አንድ ተንፋሽ ቢቀጠር ስንት ሥራ አጥ እንጀራ ያገኝ ነበር። የሚያስቸግረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠርሙሱን ከግሮሰሪ የሚያመጣውም ይኸው ለማጅ ስለሆነ፣ መንገድ ላይ መቅመሱ አይቀርም።