ባለጉዳዮቹ ታረቁ፣ ጠበቆቹ ግን ጸኑ

የድሮ ሮክ አድናቂዎች ባይኖሩ ኖሮ ስንት ጠብ ሜዳ ላይ ወድቆ ይቀር ነበር! ባንድ ሲፈርስ ሙዚቀኞቹ ጊታራቸውን ይዘው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ጠቡን አንስቶ፣ ቀልቦና አስተምሮ ለወግ ለማዕረግ የሚያበቃው አድናቂው ነው። «ከባንዱ ከወጣ በኋላ ምን ረባ?» የሚለው ሙግት ስንት መንግሥት ሸኝቷል! ይህን ጽናት የማያመሰግን ንፉግ ነው።

የእንግሊዙን ሮክ ባንድ፣ የጄነሲስን ነገር እንውሰድ። እንደ ፈረንጆቹ በ1975 ዘፋኙ ፒተር ጋብሪኤል ከባንዱ ሲለቅ፣ ድራመሩ ፊል ኮሊንስ ማይክሮፎኑን ተረከበ። ሸንጎው ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለት ነው። የጋብሪኤል ወገን «ጄነሲስ ያኔውኑ ሞቷል፤ የቀረው ተዝካሩ ነው» ይላል። የኮሊንስ ወገን የሽያጩን ደብተር ይዘረጋል። ጋብሪኤልም ደጋፊዎቹ ሥራ እንዳይፈቱ አስቦላቸው መሰለኝ፣ ለብቻው ያወጣቸውን የመጀመሪያዎቹን አራት አልበሞች በሙሉ «ፒተር ጋብሪኤል» ብሎ ሰየማቸው (አሜሪካ ላይ ብቻ ለአራተኛው ሌላ ስም ተለጠፈበት)። «ፒተር ጋብሪኤል ከፒተር ጋብሪኤል ይበልጣል» ተብሎ ፊት ሳይፈታ የሚሟገቱበት ሌላ የዕውቀት ዘርፍ ካለ ጠቁሙኝ።

የልባቸው ጥንካሬ ደግሞ! የ1980ው አልበም፣ ሦስተኛው ማለት ነው፣ ገና ሲጀምር ከባድ ከበሮ ይሰማል። ሲምባል የሚባል (የሚንሿሿው የብረት ሳህን) ነገር የለበትም፤ እያንዳንዱ ምት አስተጋብቶ ሳይጨርስ ድንገት ይቆረጣል። የሚመታው ማነው? ፊል ኮሊንስ ራሱ። ያንኑ ድምፅ በዓመቱ ለራሱ ዘፈን አውሎት ዓለምን አዳረሰበት። ልበ ደካማ ሰው ይህን ሲሰማ «ለካ ሰዎቹ ይዋደዳሉ» ብሎ ጉባኤውን ይበትናል። የኛዎቹ ግን «ታዲያ ድምፁን ያገኘው የትኛው ነው?» ብለው አዲስ መዝገብ ይከፍታሉ።

በ1982 ጋብሪኤል ከመሥራቾቹ አንዱ በሆነበት በዎማድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ምክንያት ዕዳ ሲጫነው፣ የጥንት ጓዶቹ ተሰባስበው እንግሊዝ አገር ሚልተን ኪንስ ላይ አብረውት ተጫወቱለት፤ ዕዳውን እንዲከፍል። ባለዕዳው ውለታውን ተቀበለ። ደጋፊው አልተቀበለም። አራት ዓመት ቆይቶ የጋብሪኤል «ስሌጅሀመር» የጄነሲስን «ኢንቪዚብል ተች» ከአሜሪካ የዘፈን ሰንጠረዥ አናት ላይ ሲያወርደውማ በረከት ነበር፦ አንዱ ወገን «አወረድናችሁ» ይላል፣ ሌላው «ቀድመን ስለ ወጣን አይደል» ይላል፤ እስከ ዛሬም ሁለቱም እንዳሸነፉ ናቸው።

እኔን በተለይ አንጀቴን የሚያርሱኝ ግን በጁላይ 13 ቀን 1985 ጉዳይ ነው። ላይቭ ኤይድ፤ ለእኛው የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገንዘብ ለማሰባሰብ የተዘጋጀው ኮንሰርት። ኮሊንስ ለንደን ዌምብሊ ላይ ተጫውቶ፣ ከድምፅ በሚፈጥነው አውሮፕላን በኮንኮርድ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ በዚያው ቀን አሜሪካ ፊላደልፊያ ላይ ለሌላው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ለሌድ ዜፕሊን ከበሮ መታ። ዜፕሊኖች ድራመራቸው ጆን ቦናም ከሞተ ወዲህ ተሰባስበው ሕዝብ ፊት መውጣታቸው ነው። የዘፋኛቸው የፕላንት ድምፅ ሻክሯል፣ የጊታሪስታቸው የፔጅ ጊታር ቅኝቱን ስቷል፣ ከበሮ ላይ ደግሞ ኮሊንስና ቶኒ ቶምሰን ሁለት ሆነው ተቀምጠዋል። ጥፋቱ የማን ነው? ሸንጎው ይህን ሲመረምር አርባ ዓመት አልፎታል። ቅጂውን ሰከንድ በሰከንድ እያስቆመ የሚሰማ አለ፤ የኮሊንስ እጅ የት ላይ እንደዘገየ በቃሉ ይነግርሃል።

ያን ሁሉ ዘፋኝ ያስነሳው፣ በጥቅምት 1984 ቢቢሲ ከኮረም መጠለያ ያሳየው ነገር ነበር። ግን ወደዚህ ሸንጎ ገብተህ «ለመሆኑ እህሉ ኮረም ደረሰ?» ብለህ ብትጠይቅ፣ በትሕትና ከርዕስ እንደወጣህ ይነገርሃል። ርዕሱ የዜፕሊኖች ልምምድ ማነሱ ነው።