በጆርጂያ ቤተሰብ ማዕድ ይሉኝታ አያዋጣም

ጆርጂያ ደርሶ ዋና ከተማዋ ትብሊሲ ምግብ ቤት ብቻ በልቶ መመለስ ያሳዝናል። የአገሩ ምግብ ሙያው የሚታየው ቤት ውስጥ ነው፤ በካኼቲ የወይን መንደሮች ወይም በስቫኔቲ ተራሮች፣ ከእንግዳ ማረፊያው ባለቤቶች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ግን ደጋግሜ የምለው አለኝ፤ የማትበሉትን ባለቤቷ ገበያ ሳትወጣ ተናገሩ። በይሉኝታ ዝም ብሎ ኋላ የቀረበውን ሳህን መግፋት ነው ቤተሰቡን የሚያስቀይመው።

አንደኛው ጉዳይ የአሳማ ሥጋ ነው። በፍም የሚጠበሰው ምጽቫዲ ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። በሊጥ ተጠቅልሎ የሚቀቀለው ኺንካሊም በከተማ በአብዛኛው የበሬና የአሳማ ድብልቅ ይሆናል፤ ሥጋ የሚሞላው የስቫኔቲ ዳቦ ኩብዳሪም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። አሳማ በእነሱ ቋንቋ «ጎሪ» ነው፤ «ጎሪ፣ አራ» ካላችሁ «አሳማ፣ አይሆንም» እንዳላችሁ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ጾም ነው። አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ስለሆኑ ረቡዕና ዓርብ እንግዳ አይሆኑባቸውም፤ የጾም ምግብን «ሳማርኽቮ» ይሉታል። ይሁን እንጂ ጾማቸው ከእኛው ጋር በሁሉም አይገጥምም። ፋሲካ አብረን ብናከብርም ዐቢይ ጾምን እኛ በአንድ ሳምንት እንቀድማቸዋለን፤ በእኛ ዘወረደ እነሱ ሥጋ ቢያቆሙም አይብ ይበላሉ። በገና ጾም ደግሞ ዓሣ የሚፈቀድባቸው ቀናት አሏቸው። ስለዚህ «ሳማርኽቮ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት፤ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ቅቤ እያላችሁ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ደግነቱ የጾም ማዕዳቸው ሀብታም ነው፤ በድስት የበሰለ ቦሎቄ (ሎቢዮ)፣ ከተፈጨ ዋልነት (ለውዝ መሰል ፍሬ) ጋር የታሸ ቅጠላ ቅጠል (ፕኻሊ)፣ የበቆሎ ቂጣ (ምቻዲ)። ዋልነት የማይስማማው ሰው ይህንንም አስቀድሞ ይናገር፤ ብዙ ወጥ ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚገባ በዓይን አይለይም። የስቫኔቲው ችቪሽታሪም ምቻዲን ይመስላል እንጂ አይብ አብሮ የታሸበት ነው። ቦሎቄ የሚሞላው ዳቦ ሎቢያኒ ደግሞ ራቻ በሚባለው አካባቢ የተጨሰ አሳማ ይገባበታል።

ስትቀመጡ ጠረጴዛው በቀዝቃዛ ምግብ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ያ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ ትኩሱ ኋላ ይመጣል፣ ቦታ ሲጠፋም ሳህን በሳህን ላይ ይደረባል። መግደርደር እዚህ አይሠራም፤ «በቃኝ» ብትሉም ይጨመርላችኋል። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ አንሱ፣ ሳህናችሁንም ቶሎ ባዶ አታድርጉት።

ወይኑን የሚመራው ታማዳ የሚባለው የማዕዱ መሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ አባወራው። እሱ ሳይመርቅ አይጠጣም። ምርቃቱ ለሰላም፣ ለአገር፣ ለሞቱት፣ ለልጆች እያለ ይቀጥላል፤ ለሞቱት ሲሆንና ሰዎቹ ሲቆሙ አብራችሁ ቁሙ። ተራው ለእንግዳም ይደርሳልና ቤተሰቡን የሚያመሰግን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። በምርቃት ያደገ አበሻ በዚህ አይቸገርም። የማይጠጣ ሰው ከመጀመሪያው ምርቃት በፊት ይናገርና ብርጭቆውን በሎሚናት ያስሞላ። ቻቻ ከተባለው የወይን አረቄ ግን የሚጠጣውም ቢሆን ይጠንቀቅ፤ የቤቱ በጣም ኃይለኛ ነው።

ኺንካሊን በሹካ አትውጉት፤ መረቁ ይፈስና የሚጣፍጠው ነገር ሳህን ላይ ይቀራል። ቁንዱ በርበሬ ነስንሱበት፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሡት (አፍ ያቃጥላል)፣ ከላይ የታሰረችውን ቋጠሮ ይዛችሁ ገልብጡት፣ ከጎኑ በጥቂቱ ነክሳችሁ መረቁን ምጠጡ፣ ከዚያ ብሉት። ቋጠሮዋ ወፍራም ሊጥ ስለሆነች ሳህን ላይ ትተዋለች።

በእንግዳ ማረፊያ እራት ይከፈልበታል፤ ዋጋውን ጠዋት ተስማሙ። ቤቱ የጋበዛችሁ ሰው ግን ገንዘብ ቢሰጠው ይከፋዋል። ጣፋጭ ወይም አበባ ይዛችሁ ሂዱ፤ አበባው ቁጥሩ ጎደሎ ይሁን፣ ሙሉ ቁጥር ለቀብር ነው። ከሁሉም የሚያስደስተው የአገራችን ቡና ነው። ቤት ውስጥ ቡናን በብዛት በቱርክ ዓይነት ስለሚያፈሉት እንደ ዱቄት የላመ ይሁን።

ሁለት ሦስት ቀን ካደራችሁ ደግሞ አንድ ምሽት ሽሮ ሥሩላቸው፤ በጾምም ይሆናል። ለአራት ሰው አንድ ብርጭቆ ሽሮ፣ አራት ብርጭቆ ያህል ውኃ፣ ሦስት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ይበቃል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣችሁ ጨምሩ፣ የፈላ ውኃ ላይ ከተበተነ ይጓጉላል። ሽሮው ብዙ በርበሬ ያልገባበት ቢሆን ይሻላል፤ ሚጥሚጣውን ለብቻው አቅርቡትና የፈለገ ይጨምር። እንጀራ ባይኖርም በምቻዲ ጥሩ ይበላል።